ከኪስ እንጨት እስከ ሰኞ ገበያ

የካሴት ቴፕ መጀመሪያ እንጨት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሆላንዱ ፊሊፕስ ቤልጂየም ውስጥ ሐሰልት በምትባል ከተማ ባለው ፋብሪካው የአዳዲስ ዕቃዎች ክፍል ነበረው። የክፍሉ ኃላፊ መሐንዲስ ሉ ኦተንስ ኮት ኪሳቸው ውስጥ የሚገባ አንድ እንጨት ቆረጡና የሚሠራው ድምፅ መቅጃ ከዚህ እንዳይበልጥ ወሰኑ። ሌላው ሁሉ፣ ሞተሩም፣ ባትሪው የሚቀመጥበትም፣ ክሩ የሚጠመጠምበትም፣ በዚያ ልክ ውስጥ መግባት ነበረበት። እንጨቱ ዛሬ የለም። ኦተንስ አንድ ቀን የመኪናቸውን ጎማ ሲቀይሩ ክሪኩ እንዲቆምበት ከሥር አደረጉት፤ በዚያው ጠፍቶ ቀረ።

ይህ ምዕራፍ አንድ የድምፅ ዕቃ ከሐሳብ ተነሥቶ ደሴ ሰኞ ገበያ እስኪደርስ ያለፈባቸውን ደረጃዎች ይከተላል። በየደረጃው አንድ ሰው ወይም አንድ ኩባንያ አንድ ነገር ለማግኘት ሌላ ነገር ትቷል። ከእነዚያ ውሳኔዎች አንዱ ሳይወሰን ታልፏል፤ ዕዳው ለአገራችን ድምፃውያን የተረፈው በዚያ ነው። ዓመቶቹና ቀኖቹ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልኩን ማስቀደም

ከካሴት በፊት ድምፅ መቅጃ ማለት ሁለት ትላልቅ መንኮራኩሮች ያሉት፣ ክሩን በእጅ እያሾለኩ የሚጠመጥሙበት፣ ሪል የሚባል ከባድ ሣጥን ነበር። ለሬዲዮ ጣቢያና ለስቱዲዮ ይስማማል፤ ለቤት ግን አይመችም። የአሜሪካው አርሲኤ በ1958 ክሩን ሣጥን ውስጥ አሽጎ አቅርቦ ነበር። ሣጥኑ ግን የመጽሐፍ ያህል ሰፊ ሆነና ገበያው ብዙም አልተቀበለውም። የኦተንስ ክፍል ይህን አይቶ ነው ከልኩ የጀመረው።

ልክ ሲያንስ የሚጎዳው ድምፁ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ክሩን ማወቅ ይበቃል። የካሴት ክር የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ስንቀዳ የቴፑ ሄድ በዱቄቱ ላይ የማግኔት አሻራ ያትማል፤ ስናጫውት ደግሞ ያንኑ አሻራ መልሶ ያነባል። ክሩ ሰፊ ከሆነና ቶሎ ከሮጠ በየሰከንዱ አሻራ የሚያርፍበት ዱቄት ይበዛል፣ ድምፁም ይጠራል። ጠባብና ዘገምተኛ ከሆነ ዱቄቱ ያንሳል፤ ከዘፈኑ ጀርባ ሁላችንም የምናውቀው የ“ሽሽሽ” ድምፅ ይመጣል።

የስቱዲዮ ክር ወርዱ 6.35 ሚሊ ሜትር ሆኖ በሰከንድ 19 ወይም 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጥ ነበር። ፊሊፕስ የመረጠው ክር ግን ወርዱ 3.81 ሚሊ ሜትር፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። ካሴቱ ራሱ 10 ሴንቲ ሜትር በ6.4 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም ያልዘለለ ውፍረት ያለው ሆነ። ድምፁ ከሸክላም ከሪልም እንደሚያንስ መሐንዲሶቹ ያውቁ ነበር። ጥራቱ በኋላ ሊሻሻል ይችላል፤ ልኩ ግን አንዴ ከተወሰነ አይለወጥም። እንዳሰቡትም ሆነ። “ሽሽሽ” የሚለውን ድምፅ የሚቀንሰው የዶልቢ ዘዴና የተሻለ ዱቄት የተቀቡ ክሮች ከዓመታት በኋላ መጡ፤ ሁሉም በዚያው በ1963ቱ ሣጥን ውስጥ ገቡ።

ጠባቡ ድምፅ ለእኛ ያን ያህል አልጎዳንም። የሰውን ንግግርና ዘፈን ለመረዳት የሚያስፈልገው ዋናው የድምፅ ክልል ቀደምት ካሴቶች ከሚሸከሙት ከፍታ ብዙ በታች ነው። ማሲንቆና አንድ ድምፃዊ፣ ወይም ክራርና አንዲት ድምፃዊት፣ በዚያች ጠባብ ክር ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። ካሴት የሚከዳው ዋሽንት ረጅም ድምፅ ይዞ ሲቆይ ነው። የክሩ ፍጥነት ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል።

አሮጌውን ቴፕ አለመጣል

ሁለተኛው ብልህ ውሳኔ ለዓይን የማይታይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴፖች ሞኖ ነበሩ፤ የክሩ ግማሽ ለአንዱ ገጽ፣ ግማሹ ለሌላው ገጽ ተመደበ። ስቴሪዮ ሲመጣ እያንዳንዱ ገጽ ለሁለት መከፈል ነበረበት፤ አንዱ መስመር ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። በሪል ቴፕ የተለመደው አከፋፈል የሁለቱን ገጾች መስመሮች ማፈራረቅ ነው። ፊሊፕስ ግን የአንዱን ገጽ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

ትርጉሙ ይህ ነው። የድሮው ሞኖ ቴፕ ሄድ ሰፊ ስለሆነ ሁለቱንም መስመሮች አንድ ላይ ያነባቸዋል። አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ያላት ትንሽ ቴፕ ያለው ሰው በስቴሪዮ የተቀዳ ካሴት ሲገዛ ማሲንቆው ወይም ግጥሙ አይጎድልበትም። ስቴሪዮ ቴፕ የገዛም የድሮ ካሴቶቹን አይጥልም። ዕቃ እስኪያልቅ በሚገለገሉበት፣ ሲበላሽ በሚያስጠግኑት አገር ይህ ውሳኔ ከማንኛውም የድምፅ ጥራት ይበልጣል።

በነፃ የተሰጠው ፈቃድ

ካሴቱ በ1963 በነሐሴ ወር መጨረሻ በበርሊኑ የሬዲዮ ትርዒት ለሕዝብ ታየ። በወቅቱ ማሸነፉ እርግጥ አልነበረም። የጀርመኑ ግሩንዲግ በ1965 ሌላ ዓይነት ካሴት ይዞ ወጣ። የጃፓን ኩባንያዎችም የሚደግፉትን እየመረጡ ነበር። የሶኒው ኖሪዮ ኦጋ ከፊሊፕስ ጋር ሲደራደሩ አጥብቀው የተቃወሙት በየካሴቱ ሊከፈል የታሰበውን የፈቃድ ገንዘብ ነበር። በመጨረሻ ፊሊፕስ ገንዘቡን ተወ። ያስቀረው አንድ ግዴታ ብቻ ነው፤ ማንም ቢሠራው ልኩን ሳያዛንፍ እንዲሠራ።

ሶኒ፣ ናሽናል፣ ሳንዮ፣ ሻርፕና ሌሎችም የሠሩት ቴፕ የትኛውንም ካሴት እንዲቀበል ያደረገው ይህ ነው። ፊሊፕስ የፈቃድ ገንዘቡን ቢያጣም የሠራው ካሴት የዓለም መለኪያ ሆነ። ቴፑ በዓረብ አገር ተገዝቶ ይምጣ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ይገዛ፣ ክሩ የየትም ይሁን የየት፣ ካሴቱ ይገባል።

ሸክላ ያልደረሰበት

አገራችን ውስጥ የዘፈን ንግድ የተጀመረው በካሴት አይደለም፤ በሸክላ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ሞኖፖል ደፍረው “አምሃ ሪከርድስ”ን አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሸክላቸው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እስከ 1975 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ጥቂት ትላልቅ አልበሞች አወጡ። ካሴትን የፈጠረው ፊሊፕስም በአዲስ አበባ በኩል የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላ ያሳትም ነበር።

ሸክላ ግን ከባድ ንግድ ነው። ማተሚያ ማሽኑ አገር ውስጥ ስላልነበረ አቶ አምሃ ዘፈኑን በሪል ቀድተው ወደ ሕንድ፣ ኋላም ወደ ሊባኖስ ይልኩት ነበር። የውጭ ማተሚያ ቤት ጥቂት ቅጂ ብቻ አያትምም። ነጋዴው ዘፈኑ ይወደድ አይወደድ ሳያውቅ የብዙ መቶ ሸክላ ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል። ሸክላው ከመጣ በኋላም የሚያጫውተው መሣሪያ ውድ፣ መርፌው ስስ፣ በመንገድ ላይ ለሚንቀጠቀጥ አውቶቡስ የማይመች ነው።

ካሴት ይህን ሁሉ ቀየረው። አንድ ማጫወቻን ከብዙ መቅጃዎች ጋር በሽቦ ማያያዝ የሚችል ሙዚቃ ቤት ማተሚያ ቤት ሆነ። ዛሬ ሃያ ይቀዳል፤ ከተወደደ ነገ ሌላ መቶ ይጨምራል። በካሴት ንግድ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው “አሊ ታንጎ” በሚል የሚታወቁት አቶ አሊ አብደላ ካይፋ ናቸው። “ካይፋ ሪከርድስ”ን በሸክላ ጀምረው ወደ ካሴት ተሻገሩ፤ የመሐሙድ አሕመድን “እሬ መላ መላ”ና የአስቴር አወቀን የመጀመሪያ ሥራዎች ለአድማጭ ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። ከደርግ መምጣት በኋላ የሰዓት እላፊ አዋጅ የሌሊት ሙዚቃን ገደለ፤ ጭፈራው ከክለብ ወደ ቤት ገባ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚገባው ካሴት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላ መታተም ቆመ።

ካሴት የዘፈኑንም ቅርፅ ለወጠ። ሸክላው በሁለት ገጽ ሁለት ዘፈን ይይዛል። የ60 ደቂቃ ካሴት ግን በእያንዳንዱ ገጽ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ አለው። አስር ወይም አስራ ሁለት ዘፈን አንድ ላይ አስቦ “ሙሉ ካሴት” ማውጣት ልማድ ሆነ። ዜማ ደራሲውም ገጣሚውም የትኛው ዘፈን ሀ ገጽን ይክፈት፣ የትኛው ለ ገጽን ይዝጋ ብለው ማሰብ ጀመሩ። ለመጠን ተብሎ የተቆረጠ ዕቃ በመጨረሻ የጥበብ ሥራውን መጠን ራሱ ወሰነ።

ሰኞ ገበያ ላይ የሚፈተነው

ደሴ ለምትገኝበት ለወሎ የካሴት መምጣት ትልቅ ጉዳይ ነበር። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው። በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የነበረው የላሊበላ የኪነት ቡድን እንደ ማሪቱ ለገሰ ያሉ ድምፃውያንን አሳውቋል። የመንዙማና የመዝሙር ካሴት በአንድ መደብር ጎን ለጎን የሚሸጥበት አገር ነበር። ሙዚቃው እዚያ ሳለ ሸክላው ግን ለብዙው ሰው የማይደርስ ነበር።

ደሴ ላይ ሰኞ የገበያ ቀን ነው። ከኩታበር፣ ከተሁለደሬ፣ ከቃሉና ከዙሪያው የሚመጣ ገበሬ እህሉን፣ በጉን ወይም ቅቤውን ሽጦ ከመመለሱ በፊት ያለው ጊዜ ጥቂት ነው። በካሴት ዘመን የሙዚቃ ቤት ማስታወቂያም ለዚህች ጥቂት ጊዜ የተሠራ ነበር። ድምፅ ማጉያው ከበር ውጭ ይወጣል፣ አዲሱ ካሴት ይለቀቃል፣ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። የወደደው ይገዛል፤ ገንዘብ ያጠረው ባዶ ካሴት አምጥቶ ያስቀዳ ነበር።

እዚህ የገዢው ጥያቄ ከመሐንዲሱ ጥያቄ የተለየ ነበር። ዕቃው መብራት በሌለበት ይሠራል ወይ? ስንት ድንጋይ ይፈልጋል? ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፣ የዘፋኙም ድምፅ ይወፍራል። ባለቤቱ ድንጋዩን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣውና ጥቂት ዘፈን ያተርፍበታል። ክሩ ሲፈታ በእስክሪብቶ ይጠመጠማል፤ ሲበጠስ በፕላስተር ይቀጠላል። ሄዱ ሲቆሽሽ በአልኮል የተነከረ ጥጥ ያነጻዋል። ድምፁ ሲደፈን የጥገና ባለሙያው ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን ቀስ አድርጎ ያዞራል። የካሴት ብልሽት አብዛኛው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚደረስ፣ በቤት ባለ ዕቃ የሚጠገን ነው። በሐሰልት ማንም ለደሴ ብሎ አላሰበውም። አሠራሩ ቀላል ስለነበረ ግን ጥገናውም ቀላል ሆነ።

መቅጃ መሆኑም ጠቅሟል። በዓረብ አገር ያለች ልጅ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ትልክ ነበር፤ ማንበብ የማትችል እናት የልጅዋን ድምፅ ራሷ ትሰማ ነበር። ሰርግ ይቀዳል፣ ለቅሶ ላይ የሚወርድ ሙሾ ይቀዳል፣ ዘፈን ከሬዲዮ ይቀዳ ነበር።

በተቃራኒው የሶኒን ዎክማን እንመልከት። በ1979 በሐምሌ 1 ቀን በ33,000 የን ዋጋ ሲወጣ አይቀዳም፣ ድምፅ ማጉያም የለውም። የኩባንያው ብዙ ሰዎች የማይቀዳ ቴፕ ማን ይገዛል ብለው ተጠራጥረው ነበር። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ ግን ጸኑ። የመጀመሪያው ወር ሽያጭ ደካማ ሆነ። ሶኒ ሠራተኞቹን ወደ ቶኪዮ ጎዳናዎች ልኮ መንገደኛው ማዳመጫውን በጆሮው አድርጎ እንዲሰማ አደረገ፤ በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያው ምርት አለቀ። ሶኒ አንድን ሰው ለብቻው ለማስደሰት ሠራው፤ ተሳካለትም። ቴፑ በቡና ዙሪያ ለተቀመጠ ቤተሰብ፣ ለሰርግ ቤት፣ ለመደብር በር በሚፈለግበት አገር ግን ድምፅ ማጉያ ያለው፣ ሬዲዮ የሚይዝ፣ የሚቀዳ ቴፕ ያስፈልግ ነበር። ሁለቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው።

ያልታሰበው የገንዘብ መንገድ

አሁን ወደ ጉድለቱ እንምጣ። ካሴት ከላዩ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ከተሰበሩ በላዩ ላይ መቅዳት አይቻልም፤ የተቀዳው እንዳይጠፋ ለመከላከል የተሠሩ ናቸው። ቀዳዳው ላይ የተቀደደ ወረቀት ቢወተፍበት ግን ካሴቱ እንደገና ይቀዳል። ይህም ቢሆን በላዩ ላይ መቅዳትን እንጂ ከእሱ መቅዳትን አይከለክልም። አንድ ቅጂ የገዛ ሰው ለሌላው፣ ያም ለሌላው ማስተላለፍን የሚያግድ ምንም ነገር የለም። ፊሊፕስ ካሴትን ሲሠራ በዋናነት የንግግር መቅጃ አድርጎ ነው ያሰበው፤ ድምፃዊው ከእያንዳንዱ ቅጂ ገንዘብ የሚያገኝበትን መንገድ በውስጡ አልሠራም።

ውጤቱን የአገራችን ሙዚቀኞች ያውቁታል። ካሴቱ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ተባዝቶ ከዋናው በርካሽ ይሸጥ ነበር። አሳታሚው ኪሳራውን በመፍራት ለድምፃዊው አንድ ጊዜ ከፍሎ መብቱን ይገዛል፤ ድምፃዊው ከዚያ በኋላ ከሽያጩ ምንም አያገኝም ነበር። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ካሴት ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ ማለት ነው።

የኃይሉ መርጊያ ታሪክ የካሴትን ሁለት ገጽ አንድ ላይ ያሳያል። የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች የነበሩት ኃይሉ በ1985 ዋሽንግተን ተቀምጠው በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በድራም ማሽን ብቻቸውን አንድ ካሴት ሠሩ፤ ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ። ለረጅም ዓመታት ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዱ ኖሩ። ያ ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የአሜሪካ ካሴት ሰብሳቢ እጅ ገባ፤ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ። ካሴት ሙዚቃውን ጠብቆ አቆይቶታል። የሙዚቀኛውን ገንዘብ ግን አልጠበቀለትም።

ካሴትን የተካው ዕቃ ስህተቱን ደገመው። በ2006 የተቋቋመውና የቴክኖ ስልክ ባለቤት የሆነው የቻይናው ትራንሽን በ2011 ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመረ። ሁለት ሲም፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ ኃይለኛ ድምፅ ማጉያና ሜሞሪ ያለው ስልክ የገጠሩን ገዢ ጥያቄ በደንብ መለሰ። ሙዚቃ ቤቱም “ዘፈን እንጭናለን” የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። በመቶ የሚቆጠር ዘፈን በአንዲት ሜሞሪ ይጫናል፤ ለመጫኛው ይከፈላል፣ ለዘፋኙ ግን አይደርስም።

በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስን ጨምሮ ሙዚቀኞች ራሳቸው “አውታር” የተባለ የሙዚቃ መተግበሪያ አቀረቡ። አድማጩ ዘፈኑን ሲገዛ ክፍያውን ከስልክ ሂሳቡ እንዲያደርግ ታስቦ የተሠራ ነበር። መተግበሪያው በዘመናዊ አገልግሎቶች መካከል ያለው ቦታ ምንም ይሁን ምን፣ ከክፍያው መንገድ መጀመሩ ከእሱ በፊት የነበሩት ካሴትና ሜሞሪ ያላደረጉት ነገር ነው።

ከዚህ የምንወስደው

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ኮምቦልቻ ላይ በ2017 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክና ደረቅ ወደብ አለ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዚያው ነው። ከዚያ የሚወጣ ወጣት መሐንዲስ ነገ ለገጠር የሚሆን ድምፅ ማጉያ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ሬዲዮ ወይም ማየት ለተሳናቸው የሚያነብ ዕቃ መሥራት ቢያስብ የካሴት ታሪክ ግልጽ ቅደም ተከተል ይሰጠዋል። መጀመሪያ ልኩንና ኃይሉን ይወስን፤ ገዢው የት ይዞት እንደሚሄድና በምን እንደሚያስነሣው ይጠይቅ። ቀጥሎ ዕቃው ሲበላሽ በቀላል ብሎን መፍቻ ይከፈት እንደሆነ ይመልከት። የዛሬው ዕቃ የትናንቱን እንዳይጥለው ይጠንቀቅ። ከሽያጩ በፊት ደግሞ በዕቃው ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ፣ የዚያ ሰው ድርሻስ በየት በኩል እንደሚደርሰው በንድፉ ላይ ይሣለው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዕቃውን ወደ ገበያ ያስገቡታል። አራተኛው ከተረሳ ዕቃው ቢሸጥም የሙዚቀኛው ድርሻ ይቀራል፤ ያን ክፍተት ለመድፈን አዋጅ ሊጠበቅ ነው፣ አዋጁም ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።